የነብር እንቁላል

ጎረቤታችን ጋሼ ወጣት ሳሉ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው አንድ ፎቶ፣ አንድ ቀበቶና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ዛጎል ነው። ባለፈው እሑድ ለቡና ጠሩን። የእህቴ ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ለፈንዲሻው ብሎ ተከተለኝ። ገና ሳይቀመጥ ዛጎሉን አነሳው። የዶሮ እንቁላል ያክላል። ጀርባው ነጣ ያለ ሆኖ በቡናማና በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ልጁ አገላብጦ አየውና፣ “አጎቴ፣ ይሄ የነብር እንቁላል ነው?” አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። “ልጁ ዓይን አለው” አሉ። “ፈረንጆቹም እኮ የነብር ዛጎል ነው የሚሉት።”

እውነታቸውን ነው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖር አንድ የዛጎል ዝርያ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሲፕሪያ ፓንተሪና ይባላል። ነብር መሳይ እንደማለት ነው። ተለቅ ያለው ዘመዱ ደግሞ ሲፕሪያ ቲግሪስ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንስቶ እስከ ሃዋይ ይገኛል። ይህን ስም ያወጣለት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ነው፣ በ1758 እ.ኤ.አ.። ቲግሪስ ያ ሰንበር ያለው የእስያ አውሬ ነው። ዛጎሉ ግን ሰንበር የለውም፣ ነጠብጣብ ብቻ። ሊኒየስ ላይ እንዳንስቅ ደግሞ እኛም ሁለቱን አውሬዎች ነብር እያልን ነው የምንጠራው፤ አንዳንዱ ሰው አቦሸማኔንም ይጨምርበታል። እዚህ ነብር ስል የኛውን ማለቴ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የሚያድነውን።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ አልተወኝም። “ታዲያ ዘመድ ናቸው?” አለ። እኔም ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዛጎሉ። ጎንደር ላይ ዛጎል እንግዳ አይደለም። እናቴ እኔን ያዘለችበት አንቀልባ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ የቆዳው ጠርዝ ዙሪያውን በዛጎል ተጠልፏል። አገልግልና መሶብ ላይም ታዩታላችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አንቀልባው ላይ የሚታየው ዛጎል መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ የስንጥቁ ግራና ቀኝ እንደ ጥርስ ተደርድሯል። ያ ሆዱ ነው። ጀርባው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ክሩ የሚያልፈው በዚያ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ዛጎል እያየን ያደግን ሰዎች አብዛኞቻችን የዛጎል ጀርባ አይተን አናውቅም። እኔም ያን ቀን ጋሼ ቤት ነው በደንብ ያየሁት።

ሌላው ደግሞ ዛጎል አጥንት አይደለም። ድንጋይም አይደለም። የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ክረምት ላይ ጎመኑ መሐል የምናገኘው ቀንድ አውጣ የሩቅ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ሞለስክ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ናቸው፤ አካላቸው ለስላሳ ነው፣ አጥንት የላቸውም። ቤቱ የተሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር። ከአንቀልባ የወደቀ አሮጌ ዛጎል ካላችሁ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ትንንሽ አረፋ ያወጣል። የጋሼን ዛጎል ግን በሎሚ እንዳትነኩ፤ ወዙ ይጠፋል፣ ጋሼም ይቆጣሉ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ዘመድ ናቸው ወይ? የሕይወት ሁሉ የዘር ሐረግ አንድ ነውና በዚያ መንገድ አዎ፣ ናቸው። ግን የነብርና የዛጎል የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከዚያም አልፎ ነው። ያኔ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ዛጎልም ገና አልመጣም። ስለዚህ ነጠብጣቡን ከአንድ አያት አልወረሱትም። እያንዳንዱ ለብቻው ያገኘው ነው። ታዲያ እንዴት ተመሳሰሉ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። መልሱ በአንድ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ይጀምራል፤ አለን ቱሪንግ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት በመፍታት የሚታወቀው ሰው ማለት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ሁሉም ጎኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ነገር፣ ማንም “አንተ ጥቁር ሁን፣ አንተ ነጭ ሁን” ሳይለው፣ ነጠብጣብ እንዴት ይወጣል?

መልሱን በወፍጮ ቤት ላስረዳ። ሜዳ ላይ የተሠራ አዲስ ሰፈር አስቡ። ሁሉም ቦታ እኩል ነው። አንድ ሰው የሆነ ጥግ ላይ ወፍጮ ተከለ። እህል ያስፈጨች ሴት ለጎረቤቷ ነገረች፤ ሰው መጣ። ሰው ሲመጣ ባለ ወፍጮው ሁለተኛ ሞተር ጨመረ። ወረፋው ሲያጥር ሰው ይበልጥ መጣ። እዚያው ጥግ ላይ ነገሩ ራሱን በራሱ እያሳደገ ሄደ። በሌላ በኩል ግን ይህ ወፍጮ የዙሪያውን ደንበኛ ሁሉ ስቧል። እዚያው አጠገቡ ሁለተኛ ወፍጮ ልክፈት የሚል ሰው ይከስራል። የመጀመሪያው ወፍጮ ደንበኛ እስከማይስብበት ድረስ ርቆ ከሄደ ግን ይሳካለታል። ከዓመታት በኋላ ሰፈሩን ከላይ ብታዩት ወፍጮ ቤቶቹ ተራርቀው፣ ርቀታቸውም ተቀራራቢ ሆኖ ተበትነዋል። ቀበሌ አላቀደውም። ማስተር ፕላን የለም። (ጎንደር ውስጥ ሁለት ወፍጮ ቤት ጎን ለጎን አለ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አለ። ምሳሌ ነው።)

ምስጢሩ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሚያነሳሳ ነው፤ ራሱን ያበዛል፣ ግን ብዙ አይርቅም። ሌላው የሚገታ ነው፤ ከአነሳሹ ጋር አብሮ ይወለዳል፣ ግን እሱ ራቅ ብሎ ይደርሳል። ቅርብ ማነሳሳት፣ ሩቅ መግታት። በዚህ መልክ አስተካክለው ያስቀመጡት ጀርመን አገር ይሠሩ የነበሩት አልፍሬድ ጊረርና ሃንስ ማይንሃርት ናቸው፣ በ1972 እ.ኤ.አ.። ማይንሃርት ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመኑን የባሕር ቀንድ አውጣ ጥለት በኮምፒዩተር ሲሠራ ኖረ። ደስ የሚል ሥራ።

ነብሩ ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? ነብር ራሱ ለላቦራቶሪ አይመችም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስለዚህ የተጠናው በድመት ነው። አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የጎዳና ድመቶች ከሚመክኑባቸው ክሊኒኮች ጽንሶችን ወስደው መረመሩ፤ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጽንሱ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው፣ ፀጉር ሳይበቅል፣ ቀለም ሳይመጣ፣ ቆዳው ላይ ወፈር ያሉና ሳሳ ያሉ ቦታዎች ይታያሉ። ዲኬኬ4 የሚባል ጂን አንዳንዱ ቦታ ላይ ይበራል፣ ሌላው ላይ አይበራም። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ገቺ ነው። ልክ ጊረርና ማይንሃርት እንዳሉት። በኋላ ፀጉሩ ሲበቅል ጠቆር ያለው ፀጉር የሚወጣው ቀድሞ በተሰመረለት ቦታ ላይ ነው።

ማለትም የነብሩ ካርታ የተሣለው በእናቱ ሆድ ውስጥ ነው፣ ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት። ቀለሙ በኋላ የሚሞላበት ንድፍ ነው። ጊዜውን ለማሰብ የእንጀራ ዓይን ይረዳል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ባዶ ሜዳ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ዓይኑ በሜዳው ሁሉ በአንዴ ይወጣል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ የሚወጣ ዓይን የለም። (የእንጀራ ዓይን አየር ነው፣ ጂን አይደለም። የማመሳስለው ጊዜውን ብቻ ነው።)

ግልገሉ ሲወለድ ነጠብጣቡ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሲያድግ እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐሉ እየፈዘዘ ይከፈትና የአበባ ቅርጽ ያለው ቀለበት ይሆናል። ካርታው ያው ነው፤ የሰፋ እንጂ አዲስ አይደለም። ፀጉሩ ረግፎ አዲስ ሲበቅል እንኳ እያንዳንዱ የፀጉር ሥር የራሱን ቀለም ያስታውሳል። ጫካ ውስጥ በሚጠመድ ካሜራ ነብር የሚቆጥሩ ሰዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚህ ነው። የእያንዳንዱ ነብር ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የብቻው ነው፣ እስኪሞት አይቀየርም።

የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። ሳንይዘው እንየው። የነብር ገላ ነጠብጣብ ነው፤ ጭራው ግን ወደ ጫፉ ሲሄድ ነጠብጣቡ እየተገናኘ ቀለበት ይሆናል። ለምን? ጭራ ቀጭን ነው። ሁለት ነጠብጣብ ጎን ለጎን እንዲወጣ ቦታ የለም፤ ስለዚህ አንዱ ዙሪያውን ይጠመጠማል። ወፍጮ ቤቱን ጠባብ መንገድ ዳር ብትተክሉት ጎን የሚባል ነገር የለም፣ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጄምስ መሪ ከዚህ ተነስቶ አንድ ነገር ገመተ። ገላው ነጠብጣብ ሆኖ ጭራው ሰንበር የሆነ እንስሳ ሊኖር ይችላል። ገላው ሰንበር ሆኖ ጭራው ነጠብጣብ የሆነ ግን ሊኖር አይገባም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የድመት ጭራ ሳላይ አላልፍም።

ገሰላም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ድሮ ቆዳው ለመኳንንት ለምድ ይሆን የነበረው ጥቁሩ ነብር። ብዙ ሰው ሌላ አውሬ ይመስለዋል። ነብር ነው። አንድ ጂን ላይ የመጣ ለውጥ ቢጫውን ፀጉር ጥቁር ያደርገዋል። ለውጡ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ሁለት ዝንጉርጉር ነብሮች ጥቁር ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ። ካርታው ግን አልጠፋም። ገሰላን ፀሐይ በጎን ስትመታው ነጠብጣቡ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ባሕሩ እንውረድ። እዚያ ያለው አሠራር ፈጽሞ ሌላ ነው።

አብዛኞቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ቤታቸውን የሚያሳድጉት ከአንድ ጠርዝ ነው። ለስላሳው ገላቸው ጠርዝ ላይ አንድ ስስ ሥጋ አለ፤ ካባ ልበለው። ካባው በየጊዜው አንድ ቀጭን መስመር ካልሲየም ይጨምራል፣ ቀለም ካለውም ቀለሙን እዚያው መስመር ውስጥ ያስገባል። ያለፈው መስመር አይነካም፤ ደርቋል። ይህ ማለት ቀንድ አውጣው ሠዓሊ ሳይሆን ሸማኔ ነው። ሸማኔ ጥለቱን በአንዴ አይሥለውም። መወርወሪያው ሲሄድና ሲመለስ ክር በክር ያወጣዋል። የተሸመነውን ጥለት ከታች ወደ ላይ ብታነቡት የሸማኔውን ቀን ታነባላችሁ። የቀንድ አውጣ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የዕድሜው ማስታወሻ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ጥለቱን ማንበብ ይቻላል። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ሰንበር ካያችሁ፣ የካባው ሴሎች ሁሉ አብረው ቀለም ከፍተው አብረው ዘግተዋል። ጠርዙን በቀጥታ የሚያቋርጥ ሰንበር ከሆነ፣ የተወሰኑ ሴሎች ሳያቋርጡ ቀለም ሲያወጡ ኖረዋል። ገደድ ብሎ የሚሄድ መስመር ከሆነ፣ ቀለም የማውጣቱ ሥራ እንደ ወሬ ከሴል ወደ ሴል ሲተላለፍ ነበር። ሁለት ወሬ ተገናኝቶ ሁለቱም ከጠፋ መስመሮቹ እንደ ቀስት ጫፍ ይጋጠማሉ። ኮነስ ቴክስታይል የሚባል ቀንድ አውጣ በዚህ መንገድ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የሆነ ጥለት ያወጣል፤ ስሙም ራሱ ጨርቅ ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ ቀይ ባሕር ዳር ሄዳችሁ ይህን ከነሕይወቱ ብታገኙት አታንሱት። መርዛማ ጦር አለው፣ ሰው ላይ ከባድ አደጋ ያደርሳል።

ማነሳሳትና መግታቱስ? ቀንድ አውጣው ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ምናልባትም ነርቭ ነው። ኤርመንትራውት፣ ካምቤልና ኦስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ አቀረቡ። ካባው ነርቭ ይገባበታል። ቀንድ አውጣው ሥራ ሲጀምር ባለፈው ጊዜ የቆመበትን የቀለም መስመር በካባው ጠርዝ ይዳስሳል፤ የዳሰሰው ስሜት አንዳንዱን ሴል ያነሳሳል፣ ሌላውን ይገታል። ሸማኔው አጎንብሶ ትናንት ያቆመበትን ጥለት አይቶ ዛሬ የሚቀጥለውን ክር እንደሚወረውረው ማለት ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። ነብሩ የሚጠቀመው ኬሚካል ነው፣ ቀንድ አውጣው ነርቭ። ሕጉ ግን ያው የወፍጮ ቤቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ዝምድናው የደም አይደለም፣ የሒሳብ ነው።

የጋሼ ዛጎል ግን ከዚህም ወጣ ያለ ነው።

ዛጎል በልጅነቱ ዛጎል አይመስልም። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ አፉ ሰፊ ነው፣ ጫፉ እንደ ማንኛውም ቀንድ አውጣ ይጠመዘዛል። ቀለሙም ደብዘዝ ያለ መቀነት እንጂ ነጠብጣብ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ሸማኔ ነው። ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን ቁመቱ ማደግ ያቆማል። የአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አንቀልባው ላይ የምናየው ያ ጥርስ የሚበቅለው ያኔ ነው። ከዚያ ካባው ከግራና ከቀኝ ወጥቶ ወደ ጀርባው ይዘረጋና ቅርፊቱን ሙሉ ያለብሰዋል። የለበሰውን ሁሉ በአዲስ ንብርብር ይቀባዋል። ነጠብጣቡ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ካባው ጀርባው ላይ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ አሁን ሥራው ክር በክር አይደለም፤ እንደ ነብሩ ቆዳ ሜዳ ላይ ነው። ነብር የመሰለውም ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

በአንድ ነገር ግን ይለያል። ነብሩ አንዴ ነው፤ ዛጎሉ ንብርብር በንብርብር ነው። የጋሼን ዛጎል መስኮት ዳር ወስዳችሁ ብታዩት አንዳንዱ ነጠብጣብ ላይ ላዩን ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንዳንዱ ግን ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰማያዊ ሆኖ ይደበዝዛል። እሱ ቀደም ብሎ የተቀባውና በኋላ የተሸፈነው ነው። የናቴ አንቀልባ ላይም ይህንኑ አገኘሁት። ዛጎሎቹ ከላይ ነጭ ናቸው፤ ጀርባቸው የተቆረጠበትን ጠርዝ በባትሪ ሳየው ግን ከሥሩ ሐምራዊ ቀለም አለ። የቀድሞ ልብሳቸው ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ነበር።

ነቢዩ ኤርምያስ፣ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርስ ዝንጉርጉርነቱን ሊለውጥ ይችላልን ብሎ ጠይቋል። ስማችን ያለበት ስለሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። የነብሩ ነገር እንዳየነው ነው፤ በሆድ ተሥሎ አልቋል። ስለ ዛጎል ቢጠየቅ ግን መልሱ አዎ ነበር። መቀነቱን ትቶ ነጠብጣብ ይለብሳል።

ለምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ለነብሩ ቀላል ነው፤ መደበቂያ ነው። ጥላና ብርሃን በተቀላቀለበት ዛፍ ሥር የሚያደፍጡ፣ ጨለምለም ሲል የሚያድኑ የድመት ዘሮች ናቸው ይበልጥ የተወሳሰበ ጥለት ያላቸው። ሜዳ ላይ የሚኖረው አንበሳ ግን ልሙጥ ነው። ዛጎሉ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በሕይወት ያለ ዛጎል ማታ ማታ ሲንቀሳቀስ ጀርባውን በካባው ሸፍኖ ነው። ያ ሁሉ ነጠብጣብ ከልብሱ ሥር ነው። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውም ሁልጊዜ ተሸፍኖ ስለሚኖር ነው፤ አሸዋ አይፍቀውም፣ ምንም አይጣበቅበትም። ሲነካ ካባውን ሰብስቦ ይገባል፣ ያኔ ብቻ ጀርባው ብቅ ይላል። አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ኑሯቸው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ ጥለታቸውን የሚያየው የለም። ማይንሃርት እንዲያውም የባሕር ቀንድ አውጣ ጥለት እንዲህ የበዛው ማንም ስለማያየው ነው ይል ነበር፤ የሚቆጣጠረው ከሌለ እንደልቡ ይለያያል። እኔ ይህ ሐሳብ ይጥመኛል። ቤት ውስጥ ብቻ የሚለበስ ጥልፍ የምትሠራ እናት ያሳደገችው ሰው በቀላሉ ይገባዋል።

ትናንት ልጁን ይዤ ጋሼ ቤት ተመለስኩ። “እንቁላል አይደለም፣ የቀንድ አውጣ ቤት ነው” ብዬ ብነግረው ትንሽ ቅር አለው። ጋሼ ዛጎሉን ወደ መስኮቱ አዙረው ጀርባው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር አሳዩት። ነጠብጣቡ እዚያ ላይ ሳሳ ይላል። “ይቺ ከግራና ከቀኝ የመጣው ካባ የተገናኘባት ናት” አሉት። “የልብስ ስፌት በላት።” ልጁ መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ጨረሰ። ከዚያ ዛጎሉን አስቀመጠና ምድጃው ጥግ የተኛችውን የጋሼን ዝንጉርጉር ድመት ጎትቶ አወጣት። ፀጉሯን በሁለት እጁ ከፈል እያደረገ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ስፌቱን ይፈልግ ጀመር። ድመቷ እስክትቧጭረው ድረስ።